ሊኑክስ ላይ ፕሪንተር እምቢ ሲል፦ ፋይሉ የቀረው የትኛው ጠረጴዛ ላይ ነው?

ሰነዱ ተከፍቷል። «ፕሪንት» የሚለውን ተጭነናል። ኮምፒውተሩም ሥራው እንዳለቀ ነግሮናል። ፕሪንተሩ ግን አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ዝም።

እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ድራይቨር የለውም»። ኮምፒውተር ጠጋኙም ይህንኑ ይላል። ማሽኑ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በተባለው ነፃ ሲስተም መሆኑን ካየ ደግሞ «ዊንዶውስ ልጫንልህ?» ይከተላል። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ድራይቨሩ ቦታው ላይ አለ፤ የቆመው ሌላ ነገር ነው።

ይህን አሁን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። ስለዚህ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የተባሉትን የሊኑክስ ዓይነቶች የጫነ ሰው በዝቷል። ዋይፋዩ ይሠራል፣ ቪዲዮው ይሠራል፣ ፍላሽ ሲሰካ የዊንዶውስ ቫይረስ አያስጨንቅም። ሁሉም ሰላም ነው፤ ፕሪንት ማድረግ የሚያስፈልግበት ቀን እስኪመጣ።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ትእዛዞችንም የጻፍኩት እንደሚጠሩት ነው፤ ስትጠቀሙባቸው ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው።

ድራይቨር ሲባል ምንድን ነው?

አስተርጓሚ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የራሱን ቋንቋ ነው፤ ፕሪንተሩም የራሱን። መሐል ላይ ሆኖ የአንዱን ለሌላው የሚያስረዳ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ድራይቨር የምንለው እሱን ነው።

ፕሪንተሮች የሚናገሩት ቋንቋ ብዙ ነው። አዶቤ በ1984 ያወጣው ፖስትስክሪፕት አንዱ ነው። ኤችፒ በዚያው ዘመን ያመጣው ፒሲኤል ሌላው ነው። እነዚህ ሁለቱ በደንብ የታወቁ ስለሆኑ ሊኑክስ አይቸገርባቸውም። ጣጣው ያለው ከርካሾቹ ፕሪንተሮች ጋር ነው።

ለምን መሰላችሁ? አንድ ባለሙያ ወጥ ሠሪ «ለስድስት ሰው ዶሮ ወጥ» ካላችሁት ይበቃዋል። ሽንኩርቱንም በርበሬውንም አሥራ ሁለቱን ብልትም ራሱ ይጨርሰዋል። ሌላው ግን ማማሰል ብቻ ነው የሚችለው። ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ቅመሙ ተለክቶ፣ ዶሮው ተበልቶ ካልቀረበለት ድስቱን አያነሳም። ርካሽ ሌዘር ፕሪንተሮች እንደ ሁለተኛው ናቸው። አምራቹ ዋጋ ለመቀነስ ሲል የማሰቡን ሥራ ከፕሪንተሩ አውጥቶ ለኮምፒውተሩ አሸክሞታል። ገጹን ነጥብ በነጥብ ሠርቶ የሚያቀርበው ኮምፒውተሩ ነው። አቀራረቡም አምራቹ ብቻ በሚያውቀው መንገድ ነው። ኤችፒ ለትንንሾቹ ሌዘርጄቶች ዜድጄስትሪም የሚባል ቋንቋ ተጠቅሟል። ካኖን ካፕት አለው፣ ሳምሰንግ ኤስፒኤል። ይህን ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ ካልተገኘ ፕሪንተሩ ዕቃ ብቻ ነው።

ሊኑክስ ላይ ለምን ይብሳል?

አምራቾች ድራይቨር የሚጽፉት በቅድሚያ ለዊንዶውስና ለማክ ስለሆነ ነው። ገዢው ያለው እዚያ ነዋ። ለሊኑክስ የሚቀርበው አንዳንዴ ከአምራቹ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከበጎ ፈቃደኞች ነው። በጎ ፈቃደኞቹ አንዳንድ ጊዜ በፕሪንተሩና በኮምፒውተሩ መካከል የሚተላለፈውን መረጃ እየሰለሉ ቋንቋውን በግምት ነው የፈቱት።

የሚገርመው፣ የሊኑክስ ዓለም ራሱ ከፕሪንተር ብሽቀት ጋር ይዛመዳል። በ1980 አካባቢ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር በአሜሪካው ኤምአይቲ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። ከዜሮክስ የመጣው ሌዘር ፕሪንተር ወረቀት ይነክሳል። ስቶልማን ከዚያ በፊት በነበረው ፕሪንተር ላይ ወረቀት ሲነከስ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት የሚልክ ማሻሻያ ጨምሮ ነበር። በአዲሱ ግን አልቻለም፤ የፕሮግራሙ ኮድ አልተሰጠውም። ኮዱ ያለውን የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ቢጠይቅም ሰውየው ላለመስጠት ፈርሟል። ስቶልማን ይህን ታሪክ ለዓመታት ሲደጋግመው ኖሯል። በ1983 ማንም ኮዱን አይቶ የሚያሻሽለው ሲስተም ለመሥራት የታሰበውን የግኑን ፕሮጀክት አስታወቀ፤ ዛሬ ሊኑክስ ብለን በምንጠራው ውስጥ ትልቅ ክፍል ከዚያ የመጣ ነው። ይኸው ከአርባ ዓመት በኋላም ፕሪንተሩ እያስቸገረ ነው!

ሰነዱ ወረቀት እስኪሆን በየት በየት ያልፋል?

ብዙ ሰው ዘሎ የሚያልፈው ይህን ነው። እኔ ግን ከሁሉም በፊት እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ መፍትሔው ያለው እዚህ ነውና።

መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያስገባችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ፋይላችሁ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ወደ ባለሙያው ይመራል። ከባለሙያው ወደ ኃላፊው። ከኃላፊው ወደ ማህተም። አልቆ አልወጣ ሲል ብልጥ ባለጉዳይ «ለምን አላለቀም?» አይልም። «አሁን ማን ጋ ነው ያለው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ሊኑክስ ላይ መዝገብ ቤቱ ካፕስ ይባላል። ማይክል ስዊት የሚባል ፕሮግራመር ጀምሮት በ1999 ለሕዝብ የቀረበ ሥርዓት ነው። አፕል ወድዶት በ2002 ማክ ውስጥ አስገባው፤ በ2007 ደግሞ ኮዱን ገዝቶ ስዊትን ቀጠረው። ስለዚህ ማክ ያለው ሰውም ሳያውቀው የሚያትመው በካፕስ ነው። ስዊት በ2019 መጨረሻ ከአፕል ከወጣ በኋላ ሊኑክስ ላይ ያለውን ካፕስ የሚያሳድገው ኦፕን ፕሪንቲንግ የተባለው ስብስብ ነው።

ጉዞው እንዲህ ነው። ሰነድ የምንጽፍበት ሊብሬኦፊስ ወይም ብራውዘሩ ፋየርፎክስ ሰነዱን አብዛኛውን ጊዜ ፒዲኤፍ አድርጎ ለካፕስ ይሰጣል። ካፕስ ተራ ቁጥር ሰጥቶ ወረፋ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ ማጣሪያ የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ይቀባበሉታል። አንዱ መጠኑን ያስተካክላል፣ አንዱ ወደ ምስል ይለውጣል፣ የመጨረሻው ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ ይተረጉማል። ድራይቨር በምንለው ውስጥ ዋናው ሥራ ይህ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ደግሞ መልእክተኛው አለ፤ የተተረጎመውን በዩኤስቢ ገመድ ወይም በኔትወርክ ተሸክሞ ፕሪንተሩ ዘንድ ያደርሳል።

ከነዚህ ጠረጴዛዎች ውስጥ ድራይቨር አንዱ ብቻ ነው። ፋይሉ ሌላው ጋ ቆሞ እያለ ድራይቨሩን አሥር ጊዜ ብትጭኑት ለውጥ የለም።

ታዲያ የት እንደቆመ በምን አውቃለሁ?

ከመጨረሻው ጠረጴዛ ጀምሩ፤ ከፕሪንተሩ። ገመዱን ከኮምፒውተሩ ነቅሉና ፕሪንተሩ ብቻውን የሙከራ ገጽ እንዲያወጣ አድርጉ። አብዛኞቹ ፕሪንተሮች አንድ ቁልፍ ተጭኖ በመቆየት ያወጣሉ፤ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ። ይህ ገጽ ካልወጣ ነገሩ ቶነር፣ ወረቀት ወይም የማሽኑ ብልሽት ነው። ሊኑክስ ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ገጹ ከወጣ ገመዱን መልሱና ተርሚናል ከፍታችሁ ኤልኤስዩኤስቢ የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ። በዩኤስቢ የተሰካው ሁሉ ይዘረዘራል። የፕሪንተራችሁ ስም ከሌለ ድራይቨር የሚባል ነገር ገና አልተነሳም፤ ገመዱን ወይም ሶኬቱን ለውጡ። ከአምስት ሜትር ያለፈ የዩኤስቢ ገመድ እና ርካሽ የዩኤስቢ ማከፋፈያ (ሃብ) ተጠርጣሪዎች ናቸው።

እዚህ ጋ አንድ አስቂኝ ወጥመድ አለ። እንደ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ያሉ ሞዴሎች ሲሰኩ ራሳቸውን ፕሪንተር ሳይሆን ሲዲ ነኝ ብለው ያስተዋውቃሉ። ነገሩ ተንኮል አይደለም። የዊንዶውስ ድራይቨሩ ፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ ስላለ ለተጠቃሚው እንዲቀል ታስቦ ነው። ሊኑክስ ላይ ግን ዴስክቶፑ ላይ ሲዲ ብቅ ይላል፣ ፕሪንተር የለም። ሲዲውን «ኢጀክት» ማድረግ አንዳንዴ ይበቃል። ስማርት ኢንስቶል የሚባለውን ይህን አሠራር ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አንድ ጊዜ ማጥፋት ደግሞ ለዘለቄታው ይገላግላል።

ወረፋው ቆሞ ቢሆንስ?

በእኔ ልምድ በጣም የሚረሳው ይሄ ነው። አንድ ቀን የዘመድ ፕሪንተር ለማስተካከል ሄጄ ሙሉ ምሽት ድራይቨር ሳጠፋና ስጭን አመሸሁ። ሦስት ጊዜ። ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። በመጨረሻ የወረፋውን ገጽ ስከፍት «ቆሟል» የሚል ቃል አየሁ። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ የተከማቸው 11 ሰነድ ተከታትሎ ወጣ።

የሆነው ይህ ነበር። ፕሪንት በማድረግ ላይ ሳለ መብራት ይጠፋል። መልእክተኛው ፕሪንተሩን ያጣዋል። ካፕስ እንደ ቅንብሩ ያንን ወረፋ ሊያቆመው ይችላል። መብራት ሲመጣ ፕሪንተሩ ይነሳል፣ ወረፋው ግን ሰው ካልቀሰቀሰው አይነሳም። ከዚያ በኋላ የምትልኩት ሁሉ መዝገብ ቤት ገብቶ ይተኛል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ያላችሁ ይህን በተለይ ልብ በሉ።

ለማየት ፋየርፎክስ ወይም ሌላ ብራውዘር ክፈቱ። አድራሻው ላይ ሎካልሆስት ብላችሁ ሁለት ነጥብ (:) አድርጉና 631 ጻፉ። የካፕስ የራሱ ገጽ ይመጣል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከራሳችሁ ኮምፒውተር ነው የሚከፈተው። «ፕሪንተርስ» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ስሙ አጠገብ «ፖዝድ» ካያችሁ «ሪዙም» የሚለውን ምረጡ። ስምና ፓስወርድ ሲጠይቃችሁ አትደንግጡ፤ የሚፈልገው የኮምፒውተራችሁን የአስተዳዳሪ ስምና ፓስወርድ ነው። ተርሚናል የሚቀናችሁ ደግሞ ኤልፒስታት ብላችሁ ሰረዝና «ቲ» ጨምሩበት፤ የሁሉንም ወረፋ ሁኔታ ይነግራችኋል።

እዚያው ገጽ ላይ «ኤረር ፖሊሲ» የሚባል ቅንብር አለ። «ስቶፕ ፕሪንተር» ከሆነ ወደ «ሪትራይ ጆብ» ለውጡት። ከዚያ ወዲያ ፕሪንተሩ ሲጠፋ ካፕስ ወረፋውን ዘግቶ አይቀመጥም፤ ቆይቶ ቆይቶ ራሱ ይሞክራል።

መብራት ከጠፋ በኋላ የሚያስቸግር ሌላም አለ። እንደ ሌዘርጄት 1020 እና ፒ1005 ያሉት ትንንሽ ፕሪንተሮች የሚሠሩበትን ፕሮግራም በውስጣቸው አያቆዩም። በጠፉና በበሩ ቁጥር ኮምፒውተሩ እንደገና ሊልክላቸው ይገባል። ዊንዶውስ ላይ ድራይቨሩ በዝምታ ያደርገዋል። ሊኑክስ ላይ ይህን የሚያደርገው ክፍል ካልተጫነ ፕሪንተሩ ይታያል፣ ወረፋው ክፍት ነው፣ ሰነዱም ሄዷል፤ ወረቀት ግን አይወጣም። ከኤችፒ ጋር ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው።

«ፊልተር ፌልድ» ሲልስ?

ይኼኔ ነው ጣት ወደ ድራይቨሩ የሚጠቆመው። ፊልተር ፌልድ ማለት ከማጣሪያዎቹ አንዱ መንገድ ላይ ወድቋል ማለት ነው። አስተርጓሚው መሐል ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ እንደማለት።

የሚወድቅበት ምክንያት ይለያያል። ለኤችፒ በሊኑክስ ላይ ያለው ዋና ድራይቨር ኤችፕሊፕ ይባላል። ኤችፒ ራሱ ያዘጋጀው ሲሆን ለአብዛኞቹ ሞዴሎች ብቻውን በቂ ነው። ለአንዳንዶቹ ግን ኮዱ ክፍት ያልሆነ ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) ይፈልጋል። ፕለጊኑ ከኤችፕሊፑ ስሪት ጋር መመሳሰል አለበት። እና ምን ይሆናል? ሲስተሙ ራሱን ያድሳል፣ ኤችፕሊፕ አዲስ ይሆናል፣ ፕለጊኑ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ትናንት ሲሠራ የነበረ ፕሪንተር ዛሬ በድንገት ፊልተር ፌልድ ይላል። መድኃኒቱ ኤችፒ-ፕለጊን የሚለውን ትእዛዝ ማስኬድ ነው፤ ተስማሚውን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ከባዶ ለሚጀምር ደግሞ ኤችፒ-ሴትአፕ አለ፤ ፕሪንተሩንም ፕለጊኑንም አንድ ላይ ይጨርሳል።

ብራዘርና ካኖን ራሳቸው ለሊኑክስ ካቀረቧቸው ድራይቨሮች አንዳንዶቹ ደግሞ ለ32 ቢት ሲስተም የተሠሩ ናቸው። የዛሬ ኮምፒውተር 64 ቢት ነው። ድራይቨሩ ያለ ቅሬታ ይጫናል፤ የሚፈልጋቸው የ32 ቢት አጋዥ ፋይሎች ስለሌሉ ግን ሥራ ሲሰጠው ይወድቃል። አጋዦቹን መጫን ይፈታዋል። ራዝቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ግን አትልፉ፤ እዚያ ያለው ፕሮሰሰር ሌላ ዓይነት ስለሆነ እነዚህ ድራይቨሮች ጭራሽ አይሠሩም።

ዲስክ ሲሞላም ማጣሪያዎች ይወድቃሉ። ማጣሪያ ሥራውን ለመሥራት ጊዜያዊ ቦታ ይፈልጋል። ማንም አይጠረጥረውም።

ግምት ከሆነባችሁ ካፕስ ማስታወሻ ይይዛል። ቫር በሚባለው ፎልደር፣ ሎግ ውስጥ፣ ካፕስ ውስጥ «ኤረር ሎግ» የሚባል ፋይል አለ። በካፕስ ገጽ «አድሚኒስትሬሽን» ውስጥ ለስህተት ፍለጋ ሰፋ ያለ መረጃ እንዲጻፍ የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱን አብሩ፣ አንድ ገጽ ብቻ ላኩ፣ ከዚያ ፋይሉን ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ሁሉንም መረዳት አይጠበቅባችሁም። «አልተገኘም» ወይም «አልተፈቀደም» የሚል መስመር ፈልጉ።

ወረቀት ይወጣል፤ ግን ዝባዝንኬ ነው

ይህ ከዝምታ ይሻላል፤ ቢያንስ መንገዱ ክፍት ነው። ገጹ አናት ላይ በመቶኛ ምልክትና በቃለ አጋኖ የሚጀምር ጽሑፍ ወጥቶ በስር በስሩ የማይገባ ነገር ከቀጠለ፣ ፖስትስክሪፕት ለማያውቅ ፕሪንተር ፖስትስክሪፕት ተልኮለታል። ፈረንሳይኛ ለማይችል ሰው በፈረንሳይኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሰጥታችሁ ፊደሉን አንድ በአንድ እንደሚቆጥርላችሁ ነው። ወረቀቱን ቶሎ አውጡ፣ ወረፋውን ሰርዙ፣ ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። ያለበለዚያ መቶ ገጽ ሊበላባችሁ ይችላል። ከዚያ ያንን ወረፋ አጥፍታችሁ በትክክለኛው ሞዴል አዲስ ፍጠሩ።

ሌላው ወረቀት እያለው «ወረቀት ጨምር» እያለ የሚያብረቀርቀው ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ ሌተርና ኤ4 ናቸው። አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት ሌተር 216 በ279 ሚሊሜትር ነው። እኛ የምንጠቀምበት ኤ4 ደግሞ 210 በ297። ሊኑክሱ ሲጫን አሜሪካ እንግሊዝኛ የተመረጠ ከሆነ ወረፋው ሌተር ሆኖ ሊፈጠር ይችላል። ፕሪንተሩ ሌተር እስኪሰጠው ይጠብቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ ብዙ ይጠብቃል። የወረፋውን መነሻ ወረቀት ወደ ኤ4 መለወጥ ነው። በተቃራኒው አሜሪካ ያላችሁ ከአገር ቤት የተላከላችሁን ሰነድ ስታትሙ ይኸው ነገር ተገልብጦ ይገጥማችኋል።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሲወጣስ?

ይህ ብቻውን ርእስ ነው፤ ባጭሩ ላስቀምጠው። መጀመሪያ ስክሪኑን ተመልከቱ። ስክሪኑም ላይ ሳጥን ከሆነ የአማርኛ ፊደሉ (ፎንቱ) አልተጫነም ማለት ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ጫኑ፤ ፕሪንተሩ የለበትም።

ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ እየታየ ወረቀት ላይ ከተበላሸ ግን ነገሩ ማጣሪያዎቹ ጋ ወይም ፕሪንተሩ ጋ ነው። ሰነዱን መጀመሪያ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ከፒዲኤፉ አትሙ፤ በሊብሬኦፊስ የሚሠራ ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ነው የሚሄድ። ያም ካልሆነ ፒዲኤፍ አንባቢው ላይ «እንደ ምስል አትም» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ሞክሩ። ይዘገያል፤ ነገር ግን ምስል ከሆነ በኋላ ለፕሪንተሩ «ሀ»ም ሆነ የድመት ፎቶ አንድ ነው።

በዋይፋይ የሚሠራው ዛሬ ለምን ጠፋ?

አድራሻው ተቀይሮ ይሆናል። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ያድላል። ጠፍቶ ሲበራ ትናንት ለፕሪንተሩ የሰጠውን ቁጥር ዛሬ ለስልካችሁ ሊሰጥ ይችላል። ካፕስ በአሮጌው ቁጥር ሲያንኳኳ ቤቱ የሌላ ሰው ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ለፕሪንተሩ ቋሚ ቁጥር መያዝ ይፈታዋል። ወይም ወረፋውን ስትፈጥሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ የተገኘውን ምረጡ። ፕሪንተሩና ላፕቶፑ በተለያየ ኔትወርክ፣ ለምሳሌ አንዱ በእንግዶች ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ደግሞ ጭራሽ አይተያዩም።

ድራይቨሩን ከየት ላምጣ?

የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ፕሪንተሩ ከ2015 ወዲህ የመጣና ዋይፋይ ያለው ከሆነ ምንም አትጫኑ፤ ሊኑክሱ ራሱ ያግኘው። አሮጌ ከሆነ የሊኑክሳችሁ የራሱ የፕሮግራም ማከማቻ ውስጥ ፈልጉ። ለኤችፒ ኤችፕሊፕ አለ። ኤል የሚል ፊደል ላለባቸው ባለ ቀለም ታንክ ኤፕሰኖች ኢኤስሲፒአር የሚባለው አለ። ለብዙዎቹ የብራዘር ሌዘሮች ቢአርሌዘር፣ ለሳምሰንግ ደግሞ ስፕሊክስ አለ። ለአሮጌ ባለ ቀለም ፕሪንተሮች ጉተንፕሪንት አለ፤ የተወለደው ጊምፕ ለተባለው የሥዕል ፕሮግራም ማተሚያ ሆኖ ነበር። ከአምራቹ ድረ ገጽ ማውረድ የሚመጣው እነዚህ ሲከሽፉ ነው። እንደ ካኖን ኤልቢፒ2900 ያሉት የካፕት ፕሪንተሮች ግን በአብዛኛው በቀጥታ ወደዚያ ይወስዷችኋል፤ ከጀርባ የሚሠራ ተጨማሪ አገልግሎትም ይፈልጋሉ። እውነቱን ለመናገር ሊኑክስ ተጠቃሚ ሆኖ ያንን ፕሪንተር በርካሽ ስላገኘ ብቻ የሚገዛ ሰው ትርፉን በጊዜ ይከፍለዋል።

ከማይታወቅ ቦታ የተገኘ «ሁሉንም ፕሪንተር የሚያሠራ ድራይቨር» አትጫኑ። ድራይቨር ሲጫን የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ትሰጡታላችሁ። ቁልፉን ከነቤቱ ማለት ነው።

ድራይቨር ሊቀር ነው የሚባለውስ?

እየቀረ ነው። አፕል በ2010 አየርፕሪንትን ሲያመጣ ስልክ ላይ ድራይቨር መጫን ስለማይመች ፕሪንተሮቹ አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲናገሩ አደረገ። የፕሪንተር አምራቾች የጋራ ቡድን በ2013 አይፒፒ ኤቭሪዌር የሚለውን ደረጃ አወጣ። ፕሪንተሩ ራሱ «ኤ4 እና ኤ5 አትማለሁ፣ በሁለት ገጽ እችላለሁ፣ ቀለም አለኝ» ብሎ ይናገራል። ቀድሞ ይህን መረጃ ይይዝ የነበረው ለየሞዴሉ የሚዘጋጅ ፒፒዲ የተባለ ፋይል ነበር። አሁን ፕሪንተሩ የራሱን መታወቂያ ራሱ ይዞ መጣ።

ካፕስም የድሮውን የፒፒዲ ድራይቨር በሚቀጥለው 3ኛው ትውልዱ ሊያስወጣው ነው። ለአሮጌ ፕሪንተሮች ፕሪንተር አፕሊኬሽን የሚባል ነገር ተዘጋጅቷል፤ አሮጌውን ፕሪንተር አዲስ አስመስሎ ለካፕስ የሚያቀርብ ነው። ማይክሮሶፍትም በ2023 በአምራቾች የሚቀርቡ የፕሪንተር ድራይቨሮችን ደረጃ በደረጃ እንደሚተው አስታውቋል።

ሽግግሩ ግን የራሱን ጣጣ ይዞ መጥቷል። አንዱን ፕሪንተር ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ልታዩት ትችላላችሁ፤ አንዱ ሲስተሙ ያለ ድራይቨር የፈጠረው፣ ሌላው እናንተ በድራይቨር የፈጠራችሁት። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም፣ ፕሮግራሙ ደግሞ የማይሠራውን መርጦ ይጠብቃችኋል። በዩኤስቢም አይፒፒ-ዩኤስቢ የተባለው አዲሱ አገልግሎት ፕሪንተሩን ከያዘው የድሮው ድራይቨር ሊነካው አይችልም። አንዱን መምረጥ ነው። የማይሠራውን ወረፋ ሰርዙት፤ ስሙን እያዩ መሳሳት ይቀራል።

የደህንነቱም ነገር አለ። በሴፕቴምበር 2024 ሲሞኔ ማርጋሪቴሊ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ካፕስ-ብራውዝድ በተባለው ክፍል ላይ ከባድ ክፍተቶች አሳወቀ። ይህ ክፍል ኔትወርክ ላይ ያሉ ፕሪንተሮችን ፈልጎ የሚያመጣ ነው፤ «ፕሪንተር ነኝ» ያለውን ሁሉ በቀላሉ ያምን ነበር። አጥቂ ሐሰተኛ ፕሪንተር አስመዝግቦ፣ ተጠቃሚው በእሱ ሲያትም የራሱን ትእዛዝ ማስኬድ ይችል ነበር። የተደበቀውም እዚያው የድሮው የፒፒዲ መረጃ ውስጥ ነው። ማስተካከያው ወጥቷል፤ ሲስተማችሁን ካደሳችሁ በቂ ነው። ፕሪንተራችሁ በዩኤስቢ ብቻ ከሆነ ያንን ክፍል ጭራሽ ማጥፋት ትችላላችሁ።

ሁሉንም ሞክሬ አልሆነም። ሰው ስጠይቅ ምን ልበል?

«ፕሪንተሬ አይሠራም» ካላችሁ የምታገኙት መልስ «አጥፍተህ አብራው» ነው። ትክክለኛውን ሞዴል ጻፉ፤ ከፊት የተጻፈውን ሳይሆን ከጀርባ የተለጠፈውን። አንድ ፊደል ሲለወጥ ቋንቋው ይለወጣልና። የኡቡንቱው ስሪት ስንት እንደሆነ፣ ፕሪንተሩ በገመድ ይሁን በዋይፋይ፣ ኤልኤስዩኤስቢ ላይ መታየት አለመታየቱን፣ ወረፋው ክፍት መሆኑን፣ ከኤረር ሎግ የመጨረሻዎቹን ሃያ መስመሮች ጨምሩ። ያኔ የሚመልስላችሁ ሰው ፋይሉ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አይቶ ነው የሚናገረው። ነገ ጠዋት የሚያስፈልጋችሁ ሰነድ ከሆነ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በፍላሽ ያዙና ጎረቤት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሂዱ፤ ስትመለሱ ግን ፍላሹን ሳትፈትሹ ዊንዶውስ ያለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ አትሰኩት።